አራት ሴንቲሜትር ጥራት

በአማተር ፎቶግራፍ አንሺዎች ክበብ ውድድር ላይ አንድ ፎቶ ዳኛው ፊት የሚቆየው ለጥቂት ሰከንዶች ነው። ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል፣ ነጥብ ይሰጠዋል፣ ቀጣዩ ይተካል። በእንግሊዝ ክበቦች የተለመደው ከ20 ነጥብ መስጠት ነው፤ ዳኛው ዓይኑን የሳቡትን ለብቻ ያቆይና መጨረሻ ላይ ተመልሶ ያወዳድራቸዋል። በእንዲህ ያለ ጥድፊያ ውስጥ ፊቱ ጥርት ብሎ ከኋላው ያለው ነገር ሁሉ የሟሟበት ፎቶ ከሌሎቹ ቀድሞ ይታያል፤ ዓይን የት ልረፍ ብሎ አይንከራተትም። «ባክግራውንዱ ብለር የሆነ» የምንለው ፎቶ በየውድድሩ የሚበዛው፣ አንዳንዴም ራሱን ችሎ የውድድር ርዕስ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሲበዛ ደግሞ ይሰለቻል። ከመቶ ፎቶ ውስጥ ሰላሳው ብዥ ያለ ጀርባ ካለው ብዥታው ራሱ ማንንም አያስደንቅም፤ ዳኛው መጠየቅ የሚጀምረው ጥራቱ የት አረፈ፣ ከደበዘዘውስ ምን ቀረ ብሎ ነው። መልሱ ያለው ሌንሱ ውስጥ ስለሆነ ከዚያው እንነሳ።

ሌንስ በትክክል ፎከስ የሚያደርገው በአንድ ርቀት ላይ ብቻ ነው። በዚያ ርቀት ያለች ነጥብ ሴንሰሩ ላይ ነጥብ ሆና ታርፋለች፤ ከዚያ የቀረበች ወይም የራቀች ነጥብ ግን ክብ ሆና ትሰፋለች። ክቧ በጣም ትንሽ ከሆነች ዓይናችን ከነጥብ አይለያትም። 24 በ36 ሚሊሜትር ለሆነው ፉል ፍሬም ሴንሰር ድንበሩ 0.03 ሚሊሜትር ገደማ ነው ተብሎ ይታሰባል። ከፎከሱ ወዲህና ወዲያ፣ ክቦቹ ይህን ድንበር ሳያልፉ የሚቆዩበት ስፋት ዴፕዝ ኦፍ ፊልድ ይባላል፤ እዚህ የጥራት ጥልቀት እንበለው።

ቁጥሩ ሲታይ ነገሩ ይገለጣል። 50 ሚሊሜትር ሌንስ በኤፍ 1.8 ሲከፈት ቀዳዳው፣ ማለትም አፐርቸሩ፣ 50 ለ1.8 ተካፍሎ 28 ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል፤ በኤፍ 16 ወደ 3 ሚሊሜትር ይጠብባል። በኤፍ 1.8 ከፍተን ሁለት ሜትር ርቆ የቆመን ሰው ብናነሳ ጥርት ብሎ የሚወጣው 17 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ወደ አንድ ሜትር ብንጠጋ ግን 4 ሴንቲሜትር ብቻ ይቀረናል፤ ርቀቱ በግማሽ ሲያጥር ጥልቀቱ ወደ ሩብ ይወርዳልና። 4 ሴንቲሜትር ማለት ፎከሱ ዓይን ላይ ከሆነ የአፍንጫው ጫፍ መደብዘዝ ይጀምራል፤ ጆሮው ፈጽሞ ይጠፋል። ሰውየው ትንፋሹን ሲስብ፣ አንሺውም በእግሩ ላይ ሲወዛወዝ፣ ሁለት ሴንቲሜትር በቀላሉ ያልቃል። ተከታታይ ፍሬሞችን ማንሳት እዚህ ላይ ስንፍና አይባልም።

አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይምታታል። የጥራት ጥልቀት ማነስና የባክግራውንድ መሟሟት ተዛማጅ ቢሆኑም አንድ አይደሉም። ባክግራውንዱ በጣም ሩቅ ሲሆን የመደብዘዙ መጠን በዋናነት የሚወሰነው በሌንሱ ቀዳዳ በሚሊሜትር ስፋት ነው። ባለ 50 ሚሊሜትሩ በኤፍ 1.8 ቀዳዳው 28 ሚሊሜትር ነው ብለናል። ርካሽ የሚባለው ዙም ሌንስ በ200 ሚሊሜትርና በኤፍ 5.6 ስንት ይሆናል? 36 ሚሊሜትር ገደማ። ፊቱን በፍሬሙ ውስጥ እኩል ለማድረግ ከሁለት ሜትር ወደ ስምንት ሜትር መራቅ ያስፈልጋል፤ የጥራት ጥልቀቱ ግን ከ17 ወደ 50 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል። ስለዚህ ጭንቅላቱ ከአፍንጫ እስከ ጆሮ ጥርት ብሎ፣ ሩቁ ባክግራውንድ ደግሞ ከባለ 50 ሚሊሜትሩ ይልቅ ሟሙቶ ይወጣል። ለኤፍ 1.4 ሌንስ ገንዘብ የሚያጠራቅም አማተር ይህን ስሌት አስቀድሞ ቢያየው ጥሩ ነው። ውዱ ሌንስ የሚያሸንፈው ብርሃን ባነሰበትና ወደኋላ ለመራቅ ቦታ በሌለበት፣ ለምሳሌ ጠባብ ቤት ውስጥ፣ ነው።

ብዥታ በየዘመኑ እንደ ጌጥ የተፈለገ ነገር አይደለም። በ1889 እንግሊዝ ውስጥ ፒተር ሄንሪ ኤመርሰን የተባለ፣ በሕክምና ሠልጥኖ ወደ ካሜራ የዞረ ሰው፣ ፎቶግራፍ የሰውን ዓይን መከተል አለበት ሲል ጻፈ። ዓይን አጥርቶ የሚያየው መሐሉን ብቻ ስለሆነ ዋናው ነገር ጥርት ይበል፣ ዙሪያው ትንሽ ይለስልስ አለ። ግን ማለስለሱ የነገሩን ቅርጽ እስከማጥፋት መድረስ የለበትም ብሎም አስጠነቀቀ። ብዙም ሳይቆይ ኤመርሰን ራሱ ከሐሳቡ ማፈግፈጉን በጽሑፍ አወጀ፤ ማስጠንቀቂያው ግን ዛሬም ለውድድር ፎቶ ይሠራል ባይ ነኝ።

በ1932 ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ አንሰል አዳምስ፣ ኤድዋርድ ዌስተን፣ ኢሞጀን ከኒንግሃምና ጓደኞቻቸው የተገላቢጦሹን ይዘው ተነሱ። የቡድናቸው ስም ኤፍ 64 ነበር፤ ቀዳዳው እጅግ ጠብቦ ከፊት ያለው ጠጠርም ከኋላ ያለው ተራራም እኩል ጥርት የሚልበት መጠን ነው። ይህን ያህል ማጥበብ ለምን አስፈለገ? ዌስተን ይሠራበት በነበረው 20 በ25 ሴንቲሜትር ፊልም በሚወስድ ትልቅ ካሜራ መደበኛው ሌንስ 300 ሚሊሜትር ገደማ ስለሚሆን የጥራት ጥልቀቱ በራሱ እጅግ ስስ ነው። የዛሬ አማተር በገንዘብ የሚገዛው ብዥታ እነሱን ሳይጠራ ይመጣባቸው ነበር።

ነገሩን የገለበጠው የካሜራ ማነስ ነው። የስልክ ዋና ሌንስ ትክክለኛ የፎካል ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ከ10 ሚሊሜትር በታች ስለሆነ ኤፍ 1.8 ቢጻፍበትም ቀዳዳው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ለቅርብ ነገር ካልሆነ ሁሉም ጥርት ይላል። ብዥ ያለ ጀርባ የ«እውነተኛ ካሜራ» መለያ የሆነው እንዲህ ነው። አፕል በ2016 በአይፎን 7 ፕላስ ላይ በሁለት ሌንሶች ርቀትን እየገመተ ባክግራውንዱን በስሌት የሚያደበዝዘውን ፖርትሬት ሞድ አመጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉ።

በስሌት የመጣ ብዥታ ግን ለሠለጠነ ዓይን ይጋለጣል። አፍሮ ጸጉር ዙሪያ፣ በመነጽር ክፈፍ ውስጥ፣ በነጠላ ስስ ጠርዝ ላይ ስሌቱ ይሳሳታል፤ የጸጉሩ ጫፍ ይላጫል ወይም የኋላው ግድግዳ ቁራጭ ሳይደበዝዝ ከሰውየው ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ሌላው ምልክት መሬቱ ነው። እውነተኛ ሌንስ መሬቱን ከእግር ጀምሮ ወደኋላ ቀስ በቀስ ያደበዝዘዋል፤ ስሌቱ አንዳንዴ ድንገት ይቆርጠዋል። በፈጠራና በነጻ ዘርፎች ይህ ላያስወቅስ ይችላል። በተፈጥሮና በጋዜጠኝነት ዘርፍ ግን ሕጉ ጠበቅ ይላል፤ ከተነሳ በኋላ የተጨመረ ብዥታ ብዙ ጊዜ ያሰርዛል፣ የመጨረሻ ዙር ላይ ጥሬውን የካሜራ ፋይል ላክ የሚሉም አሉ። ፎቶ ከማንሳት በፊት ሕጉን ማንበብ ነው።

ዳኞች ዘንድ በተደጋጋሚ የሚሰማው ወቀሳ ስለ ዓይን ነው። ሰውም ሆነ ወፍ፣ ለካሜራው የቀረበው ዓይን ካልጠራ ሌላው ቢያምርም አይረዳም። ቀጥሎ የሚመጣው ብርሃን ነው። የደበዘዘ ነገር ቅርጹን እንጂ ብሩህነቱን አያጣም፤ ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከኋላ የቀረ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ወይም ሃይላንድ ጠርሙስ ሲደበዝዝ ሰፍቶ ነጭ ክብ ይሆንና ከፊቱ ጋር ይሻማል። አንድ እርምጃ ወደ ጎን መሄድ ከሌንስ መቀየር ይበልጣል። ጃፓኖች ቦኬ የሚሉት የብዥታው ጠባይም ይታያል፤ መሐል ላይ ክብ የነበረው ብርሃን ወደ ፍሬሙ ጠርዝ ሲሄድ እንደ ድመት ዓይን ሊጠብብ ይችላል፣ ቀዳዳው ሲጠብብም የአፐርቸሩን ማዕዘኖች ይዞ ይወጣል።

ነፍሳትን በቅርበት ማንሳት ላይ ጭንቀቱ ሌላ ነው። ነፍሳቱ በሴንሰሩ ላይ በትክክለኛ መጠኑ ሲሳል በኤፍ 8 እንኳ የጥራት ጥልቀቱ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው። እዚህ ያለው ብልሃት ካሜራውን ከቢራቢሮው ክንፍ ጋር ትይዩ አድርጎ መያዝ ነው፤ ስሱ ጥራት ክንፉ ላይ በሙሉ እንዲያርፍ።

ይህ ብልሃት ለሰው ፎቶም ይሠራል፤ ከሁሉ በላይ ችላ የሚባለውም እሱ ይመስለኛል። ቡና የምትቀዳ ሴት እናንሳ። ኤፍ 1.8 ከፍቶ ሲኒው ላይ ተጠግቶ ማንሳት ቀላል ነው፤ ሲኒው ያምራል፣ ግን የትም ሊኖር የሚችል ሲኒ ሆኖ ይቀራል። ረከቦቱ፣ ቄጠማው፣ የእጣኑ ጭስ ሁሉም አንድ ቡናማ ብዥታ ሆነዋል። ኤመርሰን ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነበር። ከጎን ሆነን፣ ሁለት ሜትር ያህል ርቀን፣ ኤፍ 4 ብናደርገው የጥራት ጥልቀቱ 38 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። እጇ፣ ጀበናው፣ የሚወርደው ቡናና ሲኒው አንድ መስመር ላይ ስለሆኑ ሁሉም ጥርት ይላሉ፤ ከኋላ የተቀመጡት እንግዶች ፊታቸው ባይለይም እንግዶች መሆናቸው ይታወቃል። ዳኛው በሦስት ሰከንድ ውስጥ ማን፣ ምን፣ የት የሚለውን ያገኛል።

ከመላኩ በፊት የፎቶውን የመታያ መጠንም ማሰብ ይገባል፤ 0.03 ሚሊሜትር የተባለው ድንበር በመጠነኛ ህትመት ላይ ለሚያይ ዓይን የታሰበ ነውና። በብሪታንያ ክበቦች ለፕሮጀክተር የሚላከው ፎቶ በተለምዶ 1600 በ1200 ፒክሰል ነው፤ ሁለት ሚሊዮን ፒክሰል እንኳ አይሞላም። በዚያ መጠን፣ በስልክ ስክሪንማ ይልቁን፣ ዓይኑን ስቶ ቅንድብ ላይ ያረፈ ፎከስ ተደብቆ ያልፋል። ያው ፎቶ ለህትመት ዘርፍ ተልቆ ሲታተም ስህተቱ አብሮ ይተልቃል። ለህትመት የታሰበውን በኤፍ 2.8 ማንሳት ይሻላል፤ በአንድ ሜትር ርቀት 4 የነበረው ሴንቲሜትር ከ6 በላይ ይሆናል፣ ባክግራውንዱም በቂ ርቀት ካለው መደብዘዙ አይቀርም።