የሕፃናትና የቤተሰብ ጥናትን በኮሌጅ ማን ያስተምር?

ፒያሳ የሚገኘው የራስ መኮንን ድልድይ በአንድ አባት ስም ይጠራል። ራስ መኮንን እናቱ በሕፃንነቱ የሞተችበትን ልጃቸውን ተፈሪን ሲያሳድጉ አባትነቴ ይበቃል አላሉም፤ አባ ሳሙኤልን የመሰሉ መምህራን መደቡለት። ኮሌጆቻችን ግን ለሕፃናትና ለቤተሰብ ጥናት መምህር ሲፈልጉ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት፣ «ትዳሩ የጸና፣ ልጆቹን በሥርዓት ያሳደገ አገልጋይ ማን ነው?» ብለው ነው። ጥያቄው መልካም ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። ሦስት ነገሮችን አብረን ልንመለከት ይገባል።

የመጀመሪያው ሕይወት ነው። 1ኛ ጢሞቴዎስ 3፥4-5 እና ቲቶ 1፥6 መሪ ቤቱን እንዴት እንደያዘ እንድንመረምር ያስተምሩናል። ይህ ስለ ሰውዬው ታማኝነት ይመሰክራል እንጂ ስለ ሕፃናት እድገት ያለውን እውቀት አይለካም። በሌላ በኩል ያላገቡትንም ከማስተማር አይከለክልም፤ ኤፌሶን 6፥4ን የጻፈው ጳውሎስ ራሱ በዚያን ጊዜ ሚስት አልነበረችውም።

ሁለተኛው የትምህርት ዝግጅት ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ለሌክቸረርነት ማዕረግ በተለምዶ ሁለተኛ ዲግሪ ይጠየቃል። ዋናው ነገር ግን ዲግሪው በምን መስክ እንደተገኘ ነው። በብሉይ ኪዳን የተሰጠ ዶክትሬት የሥነ ልቦናን፣ የማኅበራዊ ሥራን ወይም የቤተሰብ ምክርን ሥልጠና አይተካም። እንዲሁም በእነዚህ መስኮች የሠለጠነ ሰው ስለ ጋብቻና ስለ ልጆች የመጽሐፍ ቅዱስን ትምህርት በሚገባ ማወቅ ይኖርበታል።

ሦስተኛው የአገሩን ሕግና የሕዝቡን ኑሮ ማወቅ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በድልድዩ አካባቢ ያሉ ወላጆች የ16 ዓመት ልጃቸው ስላረገዘች፣ ነውሩ እንዲሸፈን «ቶሎ ይጋቡልን» ብለው ወደ መጋቢያቸው መጡ እንበል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 7 የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል፤ የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 648 ያለዕድሜ ጋብቻን ይቀጣል። ይህን ያልተማረ መጋቢ በቅን ልቦና ጋብቻውን ሊባርክ ይችላል፤ ጉዳቱን የምትሸከመው ግን ልጅቷ ናት። መምህሩ ከቤተሰቦች ጋር በልምድ ባለሙያ ክትትል ሥር ሠርቶ ቢሆን ኖሮ ተማሪዎቹን ለእንዲህ ያለ ቀን ባዘጋጀ ነበር።

ኑሮውም እንዲሁ ነው። የመማሪያ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ቤተሰብ የሚሉት ባልን፣ ሚስትንና ልጆቻቸውን ነው። በሰፈራችን ግን አያት፣ ከገጠር የመጣ የዘመድ ልጅና የቤት ሠራተኛ ልጃገረድ በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ የኮሪደር ልማት ከሰፈራቸው የተነሡ ቤተሰቦች የተለዩት ከቤታቸው ብቻ ሳይሆን ከጎረቤትና ከዕድርም ጭምር ነው። መምህሩ ይህን ሊያውቅ ይገባል።

ሦስቱም በአንድ ሰው ባይገኙስ? ኮርሱን ለአንድ የነገረ መለኮት መምህርና ለአንድ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ በጋራ መስጠት ይቻላል። በሕይወቱ የተመሰከረለትን አገልጋይም ልኮ ማስተማር መልካም ነው። ያዕቆብ 3፥1 የመምህር ተጠያቂነት ከፍ ያለ መሆኑን ያሳስበናል፤ መምህሩን የሚመርጠው ኮሌጅም ከዚህ ተጠያቂነት ነጻ አይደለም።