ላፕቶፑ የማይረሳው የድሮ ፓስወርድ

ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ነው፤ ባለሙያው ደግሞ ለመስክ ሥራ ጂንካ ወርዷል እንበል። የፓስወርዱ ጊዜ አልፎበት ኢሜይሉ እንቢ ሲለው አይቲ ክፍል ይደውላል። «ቀይሬልዎታለሁ፣ በአዲሱ ይግቡ» ይሉታል። በስልኩ ኢሜይሉ ተከፈተ። ላፕቶፑ ግን አዲሱን ፓስወርድ «ስህተት ነው» እያለ ይመልሰዋል። ተስፋ ቆርጦ የድሮውን ሲጽፍ ወለል ብሎ ይከፈትለታል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ አይቲውን ማማት ይጀምራል። ሐሜቱ ግን ያለ ቦታው ነው፤ አይቲውም አልዋሸም፣ ላፕቶፑም አልተበላሸም።

በመሥሪያ ቤት ኔትወርክ ውስጥ የፓስወርድ ዳኛው «ዶሜይን ኮንትሮለር» የሚባለው ሰርቨር ነው። የተጠቃሚዎችን መዝገብ የሚይዘው አክቲቭ ዳይሬክተሪ ከዊንዶውስ 2000 ጋር ከመጣ ወዲህ ዊንዶውስ የሚጠቀሙ አያሌ ድርጅቶች የሚተዳደሩት በዚሁ ነው። ሠራተኛው ቢሮ ሆኖ ኮምፒውተሩን ሲከፍት ጥያቄው ወደ ሰርቨሩ ሄዶ መልስ ይዞ ይመለሳል። ጂንካ ላይ ግን የሚጠየቅ ሰርቨር የለም። መስክ በወጣ ቁጥር ላፕቶፑ ቢቆለፍበት ሥራ ሊሠራ አይችልምና፣ ዊንዶውስ ሰውየው በሰርቨሩ ተረጋግጦ የገባበትን የመጨረሻ ፓስወርድ ማመሳከሪያ ዲስኩ ላይ ያስቀምጣል። የሚቀመጠው ፓስወርዱ ራሱ ሳይሆን ከእሱ በስሌት የወጣ ኮድ ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ስሌቱ 10,240 ጊዜ ይደጋገማል፤ ላፕቶፑን የሰረቀ ሰው ፓስወርዱን በግምት ለማግኘት ሲሞክር እያንዳንዱ ግምት ጊዜ እንዲፈጅበት ነው። አንድ ኮምፒውተር ካልተነካካ በቀር የ10 ተጠቃሚዎችን ማመሳከሪያ ይይዛል።

ማመሳከሪያው ታዲያ ቀን የተቆረጠለት አይደለም። ከሰርቨሩ ጋር እስኪገናኝ ድረስ ላፕቶፑ የትእዛዝ ለውጥ እንዳልደረሰው የቅርንጫፍ መጋዘን ጥበቃ የድሮውን ማለፊያ እያየ ያስገባል፤ አዲሱን የያዘውን ደግሞ ከበር ይመልሳል።

መላው ቀላል ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን መጠበቅ አለበት። በድሮው ፓስወርድ ይገባል፤ ኢንተርኔት ይገናኛል፤ ከዚያ ወደ ቢሮው ኔትወርክ የሚያስገባው ቪፒኤን ይከፈታል። ቪፒኤኑ የሚጠይቀው የቢሮውን መዝገብ ከሆነ እሱ የሚቀበለው አዲሱን ፓስወርድ ነው። መስመሩ ከተያያዘ በኋላ የዊንዶውስን ቁልፍ ከኤል ጋር ተጭኖ ስክሪኑን መቆለፍ፣ ወዲያው በአዲሱ ፓስወርድ መክፈት። በዚህች ቅጽበት ላፕቶፑ ሰርቨሩን ይጠይቃል፣ ማመሳከሪያውንም ያድሳል። ብዙዎች የሚሳሳቱት «ሪስታርት ላድርገው» ሲሉ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ቪፒኤኑም አብሮ ይቋረጣል፣ ነገሩም ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የድሮውን ፓስወርድ ጭራሽ የረሳ ሰው ያለው ተስፋ ከመግቢያው ስክሪን ላይ የሚከፈት ቪፒኤን ነው። መሥሪያ ቤቱ ያንን አስቀድሞ ካልጫነለት ላፕቶፑን ይዞ ወደ ቢሮ ከመምጣት ሌላ ብዙ ምርጫ አይኖረውም።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ጊዜው ሳያልፍ፣ ቪፒኤን ተከፍቶ ሳለ ኮንትሮል፣ ኦልትና ዲሊትን በአንድ ላይ ተጭኖ ከዚያው ከላፕቶፑ መቀየር ነው፤ ሰርቨሩም ላፕቶፑም አብረው ይታደሳሉ። ከዚያ ስልኩን አለመርሳት ነው። የድሮውን ይዞ ኢሜይል ለማምጣት ደጋግሞ የሚሞክር ስልክ አካውንቱን ሊያስቆልፍ ይችላል፤ አይቲው ይከፍታል፣ ስልኩ መልሶ ያስቆልፋል።

ይህ ሁሉ ድካም የሚመጣው በየጊዜው ቀይሩ ከሚለው ደንብ ነው። የአክቲቭ ዳይሬክተሪ ነባር ቅንብር የፓስወርድን ዕድሜ 42 ቀን አድርጎ ይጀምራል። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት ያወጣውን የፓስወርድ መመሪያ በ2003 (እ.ኤ.አ.) የጻፉት ቢል በር፣ በ2017 ለዎል ስትሪት ጆርናል በአብዛኛው እንደተጸጸቱ ተናግረዋል። በየጊዜው ቀይር የተባለ ሰው ፓስወርዱ መጨረሻ ላይ የነበረውን 1 ወደ 2 ይቀይርና ቀየርኩ ይላል። ኒስት በዚያው ዓመት ያለ ምክንያት አታስቀይሩ አለ፤ ማይክሮሶፍትም በ2019 ደንቡን ከሚመክራቸው ቅንብሮች አወጣው። ሠራተኞቹ በየወረዳው ለተበተኑበት መሥሪያ ቤት ይህ ምክር በእኔ ግምት ከማንም በላይ ይጠቅማል።

ላፕቶፑ የድሮውን ፓስወርድ ያለመርሳቱ ሌላ ገጽታ ደግሞ የሚመለከተው ኃላፊዎችን ነው። ሥራ የለቀቀ ሰው አካውንቱ ሰርቨሩ ላይ ቢዘጋም፣ ኢንተርኔት ያላገናኘው ላፕቶፕ በድሮው ፓስወርድ መከፈቱን አያቆምም፤ ዲስኩ ላይ ያለውም ሰነድ ይነበባል። የሚቀመጠውን ማመሳከሪያ ቁጥር ዜሮ ማድረግ ይቻላል፤ እንዲያ ሲሆን ግን ጂንካ ያለውም ባለሙያ ላፕቶፑን መክፈት አይችልም። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ሰውየውን ሲያሰናብት አስቀድሞ የሚረከበው ላፕቶፑን ነው።