የደነገጠ ውሻ ብቻውን አይተው

በዓል ባለፈ ማግስት የሚደርሱኝ መልእክቶች ይመሳሰላሉ። «ማታ ሰፈሩ ሁሉ ርችት ሲተኩስ አመሸ፤ ውሻችን መኪና ሥር ገብቶ አልወጣም አለ፣ ምግብም አልቀምስ ብሏል፤ ምን ላድርገው?» ከዚያ ይቀጥሉና «ባባብለው ይቀብጥብኛል? ፍርሃቱስ አይብስበትም?» ይላሉ።

አይብስበትም! ይህን ደግሜ ደጋግሜ የምናገረው፣ የጊቢ ውሻ ሲፈራ «ፈሪ!» ብሎ መቆጣት፣ አልፎም በዱላ ጎርጉሮ ማስወጣት የተለመደ ስለሆነ ነው። «ቁጭ በል» ሲሉት የሚቀመጠው የሚሰጡትን ሥጋ ፈልጎ ነው። የሚንቀጠቀጠው ግን ፈልጎ አይደለም። አጠገቡ ሆናችሁ ደረቱን ብታሹለት መፍራትን አይማርም፤ ሰው እንዳለው ነው የሚያውቀው።

በትምህርት ቤት ስለ ምራቅ ሙከራው የተማርንለት ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ ይህን በራሱ ውሾች ላይ አይቷል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1924 ሌኒንግራድን ጎርፍ አጥለቀለቃት። ውሃው ውሾቹ ከሚያድሩበት ቤት ገባና ሠራተኞቹ እያዋኙ አወጧቸው። ከዚያ በኋላ አንዳንዶቹ ለረጅም ጊዜ የተማሩት ሁሉ ጠፋባቸው። ከመካከላቸው አንዱ የተማረው የተመለሰለት ተመራማሪው ክፍሉ ውስጥ አብሮት ሲቀመጥ ነው። የሰውየውን ልብስ ብቻ ከማይታይበት ቦታ ሲያስቀምጡለት እንኳ ተሻለው፤ ጠረኑ በቃው። ዳነ ከተባለ በኋላ ግን ከበር ሥር ትንሽ ውሃ ቢለቁበት ያው ድንጋጤ ተነሳበት። ስለዚህ ውሻችሁ መብላት ጀመረ ማለት ረሳው ማለት አይደለም።

እኛ ቤት ዳማ የምትባል ውሻ አለች። ርችት በተተኮሰ ቁጥር ከሮቶው ጀርባ ትሸጎጣለች። ጎትቼ አላወጣትም፤ የደነገጠ ውሻ ጌታውንም ሊነክስ ይችላል። በርጩማ ይዤ ሄጄ ጎኔን ሰጥቻት እቀመጣለሁ፣ ዓይኗን ትክ ብዬ አላያትም። መጀመሪያ እንቅልፍ ሳይኖራት ታፋሽካለች፣ አፍንጫዋን ትልሳለች። ጭንቀት ነው። ቆይታ አንገቷን አስግጋ ጫማዬን ታሸታለች። ያኔ እንኳ እጄን በጭንቅላቷ ላይ አልሰድም፤ ከአገጯ ሥር ነው የምነካት። የለበስኩትን፣ ያልታጠበ ሹራቤን መኝታዋ ላይ እተውላታለሁ።

በተከታዮቹ ቀናት እንግዳ አታብዙበት፤ የምግቡም የእግር ጉዞውም ሰዓት አይለወጥ። ሲረጋጋ ወደ ድምፁ ተመለሱ። የርችት ድምፅ በስልካችሁ፣ ጆሮውን ቀና ከማድረግ በማያልፍበት መጠን አሰሙትና ወዲያው ቁራጭ ሥጋ ስጡት። ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባ፦ ድምፁ ይቀድማል፣ ሥጋው ይከተላል። (ሥጋው ቅቅል ይሁን፤ ከወጥ አታውጡለት፣ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው።) ድምፁን በየቀኑ በጥቂቱ ከፍ አድርጉ። ጆሮውን ካጣበቀ፣ ጅራቱን ከሸጎጠ ወይም ሥጋውን እምቢ ካለ ፈጥናችኋል፤ ወደ ትናንቱ መጠን ተመለሱ። ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። እኔ ከሁሉም የማምንበት ይህ መንገድ ነው፤ ያስፈራው የነበረው ድምፅ የሥጋ ምልክት ሲሆንለት በዓይኔ አይቻለሁና።

ያስደነገጠው ሌላ እንስሳ ነክሶት ከሆነ ግን ቁስሉን በብዙ ውሃና በሳሙና እጠቡና በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዱት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ጊዜ አይሰጥም። አንድ ቀን ሙሉ ምንም ካልቀመሰም እንዲሁ። የሰው ማስታገሻ ወይም የእንቅልፍ ኪኒን በፍጹም አትስጡት።

ለሚቀጥለው በዓል ዋዜማ ደግሞ ከመምሸቱ በፊት ከሰንሰለቱ ፍቱት። የታሰረ ውሻ መሸሽ ስለማይችል ፍርሃቱ እጥፍ ይሆናል፤ ጊቢ ውስጥ ተፈትቶ ካደረም አጥር ዘሎ ይጠፋል። ቤት አስገቡት፣ መስኮቱን ዝጉ፣ ሬዲዮ ክፈቱለት፤ ከቤተሰቡም አንድ ሰው አብሮት ያምሽ።