የቆሻሻ ማቃጠያ አመድ በሲሚንቶ ምትክ፦ ከጥንካሬ ፍተሻ ባሻገር

በሲሚንቶ ምርት ውስጥ ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ዋነኛው ምክንያት ክሊንከር ነው። አንድ ቶን ክሊንከር ሲመረት ከኖራ ድንጋዩ በሙቀት መፈራረስ ብቻ ግማሽ ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል፤ ከምድጃው ነዳጅ የሚወጣው ሲታከልበት መጠኑ ከዚህ ይልቃል። በመሆኑም የሲሚንቶን የተወሰነ ክፍል በሌላ ማዕድናዊ ዱቄት መተካት የብዙ ጥናቶች ርዕስ ሆኗል። ከደረቅ ቆሻሻ ማቃጠያ የሚወጣው አመድም በዚህ ረገድ ከሚጠኑት ቁሶች አንዱ ነው።

ጉዳዩ ለአዲስ አበባ ሩቅ አይደለም። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. በቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። በዚያው አካባቢ የተገነባውና በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ ከቆሻሻ ኃይል ማመንጫ በቀን 1,400 ቶን ያህል ቆሻሻ እንዲያቃጥል የታቀደ ነው። ከሚቃጠል የከተማ ቆሻሻ ክብደት በአብዛኛው ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚሆነው በምድጃው ሥር አመድ ሆኖ ይቀራል። በዚህ ስሌት እንዲህ ያለ ተቋም በሙሉ አቅሙ ቢሠራ በቀን ከ280 እስከ 350 ቶን አመድ ያስወጣል። ማቃጠል ቆሻሻን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም፤ አመዱም ማረፊያ ይሻል።

በቅድሚያ ሁለት ዓይነት አመድ መለየት ያስፈልጋል። በምድጃው ሥር የሚቀረው የታችኛው አመድ ሲሊካ፣ ካልሲየም፣ አሉሚናና የብረት ኦክሳይድ ይዟል። ከጭስ ማጣሪያው የሚሰበሰበው በራሪ አመድ ግን በመጠን አነስተኛ ሆኖ በክሎራይድ፣ በእርሳስ፣ በዚንክና በካድሚየም የበለጸገ ነው። «በራሪ አመድ» የሚለው ስም ከድንጋይ ከሰል ከሚገኘው የታወቀ የሲሚንቶ ተጨማሪ ጋር ቢያመሳስለውም ሁለቱ በባሕርይ የተለያዩ ናቸው። ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ሲ 618 የተሰኘው መለኪያም የተዘጋጀው ለከሰል አመድና ለተፈጥሮ ፖዞላና ነው።

ለመተኪያነት የሚታጨው እንግዲህ በደቃቁ የተፈጨ የታችኛው አመድ ነው። የተለመደው ፍተሻ 20 በመቶ ሲሚንቶ በዱቄቱ ተተክቶ የሚገኘውን ጥንካሬ፣ ምንም ካልተተካበት ናሙና ጋር ማነጻጸር ነው፤ 75 በመቶ ከደረሰ አለፈ ይባላል። ሆኖም ከሲሚንቶ ጋር ምንም ዓይነት ኬሚካላዊ ግንኙነት የማይፈጥር የኳርትዝ ዱቄት እንኳ፣ ክፍተቶችን በመሙላቱና የሲሚንቶውን ሃይድሬሽን በማፋጠኑ ብቻ ይህን ወሰን ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ አመዱ በእርግጥ ፖዞላናዊ መሆኑን ለማሳየት በእኩል ድቀት የተፈጨ ኳርትዝ የያዘ ሦስተኛ ናሙና የግድ ነው።

ጥንካሬው ቢረጋገጥም ሦስት ጥያቄዎች ይቀራሉ። የመጀመሪያው በአመዱ ውስጥ ሳይቃጠል የቀረ አልሙኒየም ነው። ይህ ብረት ከሲሚንቶ አልካላይ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅን ጋዝ ያመነጫል፤ ኮንክሪቱም ሳይደርቅ ያብጣል፣ ቀዳዳ ያበዛል፣ ይሰነጠቃል። መፍትሔው ብረቱን አስቀድሞ መለየት ወይም አመዱን በአልካላይ ውሃ ዘፍዝፎ ጋዙን ከቅይጡ በፊት ማስጨረስ ነው።

ሁለተኛው ክሎራይድ ነው። የአውሮፓው የሲሚንቶ መለኪያ በአብዛኛው የሚፈቅደው 0.10 በመቶ ነው። 1 በመቶ ክሎራይድ ያለው አመድ 10 በመቶ ሲሚንቶን ቢተካ ብቻውን ይህን ወሰን ይሞላል። ጉዳቱ በ28ኛው ቀን የኪዩብ ፍተሻ ላይ አይታይም፤ ፌሮው ዝጎ ሽፋኑን ሲሰነጥቅ ከዓመታት በኋላ ይገለጣል። በውሃ ማጠብ አብዛኛውን ክሎራይድ ያስወግዳል፤ ይሁንና የታጠበበት ውሃም መታከም አለበት።

ሦስተኛው ወደ ውሃ የሚሰርጉ ከባድ ብረቶች ናቸው። ካድሚየም በኮንክሪት አልካላይነት ውስጥ በአብዛኛው ይታሰራል፤ እርሳስ ግን አልካላይነቱ በጣም ሲበረታም ይሟሟል። በመሆኑም ፍተሻው በሙሉ ናሙና ላይ ብቻ ሳይወሰን፣ ሕንፃው ሲፈርስ የሚሆነውን በሚያሳይ የተፈጨ ናሙና ላይም ሊካሄድ ይገባል።

በአገራችን ሊታሰብበት የሚገባ ሌላም ነጥብ አለ። በስፋት የሚሸጠው የፖዞላና ሲሚንቶ የተፈጥሮ ፖዞላና አስቀድሞ ተቀላቅሎበታል። ፖዞላና ደግሞ ጥንካሬ የሚሰጠው ከሃይድሬሽን ከሚገኘው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ሲዋሃድ ነው። በተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ ላይ የተገኘ መልካም ውጤት፣ ይህ ውህድ አስቀድሞ በተሻማበት የፖዞላና ሲሚንቶ ላይ ላይደገም ይችላል። የመነሻ ሲሚንቶውን ዓይነት በግልጽ ያላሰፈረ ጥናት ለተግባር መሠረት ሊሆን አይችልም።

ከዚህ በመነሳት የፍተሻው ቅደም ተከተል ቢገለበጥ ይመረጣል፦ በተለያዩ ወራት ከተሰበሰበ አመድ ናሙና ወስዶ መጀመሪያ የጋዝ፣ የክሎራይድና የስርገት ልኬት፣ ቀጥሎ የጥንካሬ ፍተሻ። የመጀመሪያ አገልግሎቱም ፌሮ በሌለባቸው እንደ ብሎኬትና የእግረኛ መንገድ ንጣፍ ባሉ ምርቶች ቢወሰን የዝገት ስጋቱ ይወገዳል። የስርገቱ ጥያቄ ግን በዚያም ይከተላል፤ የቆሼን ሸክም በግድግዳና በመንገድ ውስጥ በትኖ መደበቅ ከቆሻሻው መገላገል ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም።