ጌጤ ዋሚ፦ በ35 ቀናት ሁለት ማራቶን

የደብረ ብርሃን አካባቢ ተወላጇ አትሌት ጌጤ ዋሚ ከውድድር ከራቀች ዓመታት ቢቆጠሩም፣ ስሟ ዛሬም ከእነ ደራርቱ ቱሉ ጋር አብሮ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አገኘች። በ1999 በሴቪያ የዓለም ሻምፒዮና በዚሁ ርቀት እንግሊዛዊቷን ፓውላ ራድክሊፍን በመጨረሻው ዙር ቀድማ ወርቅ ወሰደች። በሲድኒ ደግሞ ከደራርቱ ቀጥላ ብር፣ በ5 ሺህ ሜትርም ነሐስ አጥልቃለች።

ጽናቷ ከሁሉ ይልቅ የታየው ግን በማራቶን ነው። መስከረም 19 ቀን 2000 ዓ.ም በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ አሸነፈች። ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው፤ ከደምበጫ የተነሣ ሯጭ ፍኖተ ሰላምን አልፎ ይሄዳል ማለት ነው። ከእንዲህ ያለ ሩጫ በኋላ አትሌቶች አብዛኛውን ጊዜ ለወራት ሌላ ማራቶን አይሮጡም። ጌጤ ግን በ35ኛው ቀን፣ ጥቅምት 24፣ ኒውዮርክ ላይ ተሰለፈች። ታላላቆቹ ማራቶኖች በጋራ ያቋቋሙት የሁለት ዓመት የነጥብ ውድድር የሚደመደመው እዚያ ነበርና። ሽልማቱ 500 ሺህ ዶላር ነው። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ኒውዮርክን ያሸነፈችው ላትቪያዊቷ ዬሌና ፕሮኮፕቹካ ዳግም ከቀናት፣ ገንዘቡ ከጌጤ እጅ ይወጣል።

ጌጤ ከራድክሊፍ ጋር እስከ መጨረሻው ተናንቃ በ23 ሰከንድ ተቀደመች፤ ፕሮኮፕቹካ ሦስተኛ ሆነች፤ ሽልማቱም የጌጤ ሆነ። አቀበት በበዛበት በኒውዮርክ ጎዳና ሰዓቷ ከበርሊኑ የዘገየው በ15 ሰከንድ ብቻ ነበር።