የደኅንነት ፍተሻ የሥርዓት ፋይልን ሲያስወግድ፦ መንሥኤውና ጥገናው



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ለብዙዎቻችሁ ከመማሪያ ክፍል ይልቅ ከኮምፒውተር ጥገና ቤት የሚታወቅ ነው። ጸረ ቫይረሱ ፍተሻውን ጨርሶ አደገኛ ፋይል ማስወገዱን ያስታውቃል፤ ባለቤቱም ተደስቶ ኮምፒውተሩን ያጠፋል፤ በማግሥቱ ግን ማሽኑ አልነሣም ይላል። ያን ጊዜ በየጥገና ቤቱ የሚታዘዘው መድኃኒት አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ»። የመመረቂያ ጽሑፉን በሌላ ቦታ ላላስቀመጠ ተማሪ ይህ መድኃኒት ከሕመሙ ይከፋል፤ በአብዛኛውም አስፈላጊ አይደለም። ለምን አስፈላጊ እንዳልሆነ ለማሳየት ከአንድ የታወቀ ክሥተት ልነሣ።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 2010 ማካፊ የተባለው ኩባንያ ቁጥሩ 5958 የሆነ የቫይረስ መለያ ዝርዝር ለደንበኞቹ አሠራጨ። ዝርዝሩ በዊንዶውስ ኤክስፒ ሰርቪስ ፓክ 3 ውስጥ የሚገኘውን «ኤስቪሲሆስት» የተሰኘ ንጹሕ ፋይል «ዌኮርል» ከተባለ ቫይረስ ጋር አምታታው። ይህ ፋይል ራሱ ብዙ ሥራ አይሠራም፤ ሌሎች አገልግሎቶች ተሳፍረውበት የሚጓዙበት ተሽከርካሪ ነው ብንል ይቀርባል። የኔትወርክ ግንኙነት፣ አዲስ የተሰካን መሣሪያ ማወቅ፣ ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚጠራሩበት አገልግሎት፣ እነዚህ ሁሉ በእርሱ ውስጥ ይሠራሉ። ስለዚህ ፋይሉ ሲነሣ ኮምፒውተሮቹ ኔትወርክ አጡ፤ ብዙዎቹም የመዝጊያ ቆጠራ እያሳዩ ደጋግመው መዝጋትና መነሣት ጀመሩ። በወቅቱ እንደ ተዘገበው በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ከ25,000 ኮምፒውተሮች 8,000 ያህሉ ከሥራ ውጭ ሆኑ። ኩባንያው የተሳሳተውን ዝርዝር ፈጥኖ አንሥቶ ማረሚያ አወጣ፤ ይሁን እንጂ ኔትወርኩ ራሱ ከጠፉት አገልግሎቶች አንዱ ስለ ነበር ማረሚያው ወደ ተጎዱት ማሽኖች ሊደርስ አልቻለም። ባለሙያዎች ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እየዞሩ በእጃቸው መጠገን ግድ ሆነባቸው።

ክሥተቱ ብቸኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 የሲማንቴክ ምርት በቀላል ቻይንኛ የተዘጋጀውን ዊንዶውስ ኤክስፒ ሁለት የሥርዓት ፋይሎች ወደ ለይቶ ማቆያ ከትቶ ኮምፒውተሮች እንዳይነሡ አድርጓል። በ2008 ደግሞ ኤቪጂ በአንዳንድ የአውሮፓ ቋንቋዎች በተዘጋጁ የዊንዶውስ ኤክስፒ ቅጂዎች ላይ «ዩዘር32» የተባለውን ፋይል ትሮጃን ብሎ ፈርጆታል። በሁለቱም ጊዜ የተጎዱት ከእንግሊዝኛው ውጭ ያሉ ቅጂዎች መሆናቸውን ልብ በሉ። በዚያ ዘመን የመስኮቶቹና የመልእክቶቹ ቃላት ከፕሮግራሙ ጋር በአንድ ፋይል ውስጥ ስለሚቀመጡ፣ የየቋንቋው ፋይል በባይት ደረጃ የተለያየ ነበር። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ግን ቃላቱ በተለየ ፋይል ይቀመጣሉ፤ ዋናው ፋይል ለሁሉም ቋንቋ አንድ ነው። ዊንዶውስን በአማርኛ ገጽታ የሚጠቀም ሰውም ከዚህ ለውጥ ተጠቃሚ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ንጹሕ ፋይል በስሕተት ስለ መወገዱ ነው። ነገር ግን ምልክቱ ተመሳሳይ ሆኖ መንሥኤው የተለየባቸው ሁለት ሁኔታዎች አሉ፤ ጠጋኙ በብዛት የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

አንደኛው፣ የተወገደው ፋይል በእርግጥ ቫይረስ ሆኖ፣ ሥርዓቱ ግን አሁንም ስሙን እየጠራ የሚፈልገው ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የተሠራጨው ሰርካም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሰርካም በሬጂስትሪ ውስጥ ገብቶ ማንኛውም ፕሮግራም ሲከፈት አስቀድሞ እርሱ እንዲጠራ ያደርግ ነበር። ጸረ ቫይረስ የሰርካምን ፋይል ብቻ አጥፍቶ ሬጂስትሪውን ሳያስተካክል ከቀረ፣ አንድም ፕሮግራም አይከፈትም፤ ማስተካከያው ፕሮግራም ራሱ እንኳ። በተመሳሳይ መንገድ፣ ተጠቃሚው ሲገባ የሚጠራውን ፋይል በራሳቸው የሚተኩ አጥፊ ፕሮግራሞች አሉ፤ እነርሱ ሲሰረዙ ተጠቃሚው የይለፍ ቃሉን ያስገባል፣ ወዲያውም ተመልሶ ይወጣል። እንዲህ ባለው ሁኔታ የተሰረዘውን ፋይል መመለስ በሽታውን መመለስ ነው። የሚታረመው በሬጂስትሪው ውስጥ የቀረው ጥሪ ነው።

ሁለተኛው ሁኔታ፣ ፋይሉ እውነተኛ የሥርዓት ፋይል ሆኖ በእርግጥም የተበከለ ሲሆን ነው። ሳሊቲና ቪሩት በፍላሽ ዲስክ ጭምር የሚዛመቱ፣ በሌሎች ፕሮግራሞች አካል ውስጥ የሚገቡ ቫይረሶች ናቸው። እዚህ ላይ ከለይቶ ማቆያ መመለስም ሆነ መተው አይበጅም፤ ንጹሕ ቅጂ ማምጣት ያስፈልጋል።

እነዚህን ሦስቱን ለመለየት የሚያስፈልገው ማስረጃ በጸረ ቫይረሱ የሥራ መዝገብ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፦ የፋይሉ ስም፣ የነበረበት ሙሉ አድራሻ፣ የተወገደበት ሰዓት፣ የተሰጠው የቫይረስ ስም። ከሁሉም አድራሻው ይበልጥ ይናገራል። «ኤስቪሲሆስት» በዊንዶውስ ሥር በ«ሲስተም32» ማኅደር ከነበረ ንጹሕ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ በተጠቃሚው ጊዜያዊ ማኅደር ውስጥ ከተገኘ ስሙን የተዋሰ አስመሳይ ነው። ፋይሉ የአምራቹ ዲጂታል ፊርማ ካለውና ፊርማው ካልተሰበረ ደግሞ አልተነካም ማለት ነው። ፎርማት ማድረግ ይህን መዝገብ ከነማስረጃው ያጠፋዋል፤ እኔ ልማዱን የምቃወምበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው።

ወደ ጥገናው ልለፍ። ማሽኑ ገና እየሠራ ከሆነ አታጥፉት። ሥርዓቱ ወደ ማስታወሻው አስቀድሞ የጫነው ፋይል ከዲስኩ ቢወገድም ሥራውን ሊቀጥል ይችላል፤ ጉድለቱ የሚገለጠው እንደገና ሲነሣ ነው። የመዝጊያ ቆጠራ ከጀመረ በትእዛዝ መስኮቱ «ሻትዳውን» ከሚለው ቃል ቀጥሎ እዝባርና «ኤ» የሚለውን የላቲን ፊደል መጻፍ ቆጠራውን ያስቆመዋል። ማሽኑ አልነሣም ካለም መጀመሪያ የሚታሰበው ስለ ሥርዓቱ ሳይሆን ስለ ጽሑፎቻችሁ ነው። ከፍላሽ በሚነሣ ሊኑክስ ገብቶ ሰነዶቹን ወደ ሌላ ዲስክ መቅዳት ይቻላል። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ግን 48 አኃዝ ያለው የማስመለሻ ቁልፍ ይጠየቃል፤ ቁልፉ በተቆለፈው ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ከተቀመጠ የለም ማለት ነው።

ቀጥሎ ያለው ቅደም ተከተል ሊዛባ አይገባም። ፋይሉን ከመመለስ በፊት ጸረ ቫይረሱ የታረመውን ዝርዝር ማግኘት አለበት፤ ይህ ካልተቻለም ያ ፋይል ከፍተሻ ውጭ ይደረግ። አለዚያ የመለሳችሁትን ፋይል መልሶ ያስወግደዋል፤ ጠጋኙም ሥራዬ አልያዘም ብሎ ወደ ፎርማት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ፋይሉ ከለይቶ ማቆያ ይመለሳል። ይህ ካልሆነ ዊንዶውስ ራሱ የሥርዓት ፋይሎችን የሚያመሳክር «ኤስኤፍሲ» የተባለ መሣሪያ አለው፤ የጎደለውን በዲስኩ ላይ ካለው የራሱ ግምጃ ቤት አውጥቶ ይተካል። ማሽኑ በማይነሣበት ጊዜም ከመጫኛ ፍላሽ ገብቶ የዲስኩን አድራሻ በመጥቀስ ይሠራል። ግምጃ ቤቱ ራሱ ከተበላሸ «ዲአይኤስኤም» ያድሰዋል። ይህ መሣሪያ ካልተነገረው በስተቀር ምንጩን ከኢንተርኔት ያወርዳል፤ ግንኙነቱ ደካማ በሆነበት ስፍራ ግን ከተጫነው ዊንዶውስ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ የመጫኛ ቅጂ በምንጭነት መስጠት ይሻላል። የጎደለውን ፋይል በነጻ እናድላለን ከሚሉ ድረ ገጾች ማውረድ ግን ፈጽሞ አይመከርም፤ ለየትኛው ዕትም እንደሆነና ማን እንደነካካው አይታወቅምና።

የቤተ ሙከራ ኃላፊዎች ለሆናችሁ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ ያሠራጨው የተሳሳተ ዝማኔ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተሮችን ጥሏል። በዚያ ጊዜ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር፤ የሥርዓት ፋይል አልጠፋም፤ መፍትሔውም የጸረ ቫይረሱን የራሱን ፋይል በሴፍ ሞድ ገብቶ መሰረዝ ነበር። በእጅ መዞሩና የቢትሎከር ቁልፍ ፍለጋው ግን አልቀረም። ሠላሳ ኮምፒውተር ያለው ክፍል የቫይረስ ዝርዝሩን በአንድ ደቂቃ ለሁሉም የሚቀበልበት ምክንያት የለም። ሁለቱ ወይም ሦስቱ በጠዋት ይቀበሉ፤ እንደገና ይነሡ፤ የቀሩት ከሰዓት በኋላ ይከተሉ። በስሕተት የተፈረጀ ፋይል ስታገኙም ለአምራቹ ላኩለት፤ ለዚህ የተዘጋጀ የመቀበያ መንገድ አላቸው።

የቀረውን ጊዜ ለጥያቄዎቻችሁ ትቻለሁ።