ፖሊስን የሚመረምረው ማን ነው?

በጅቡቲ ከተማ ቀድሞ የምኒልክ አደባባይ ይባል የነበረው ስፍራ ዛሬ የሚጠራው አገሪቱ ነጻነቷን ባገኘችበት ቀን፥ በጁን 27 ቀን 1977 ስም ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ የከተማይቱ ሰዎች በሚሠሩበት በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) የአደባባዩ ስም ሲለወጥ ብዙ ነገር አብሮ ተለውጧል፤ የፖሊሱ ሥርዐት ግን በአብዛኛው ፈረንሳዮች ተክለውት በሄዱት መልክ ቀርቷል። ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር የሚታዘዘው ፖሊስ አለ፤ ከእርሱም ሌላ በወታደር ሥርዐት የሚተዳደረው ዣንዳርም አለ።

ሕጉ በጽሑፍ ሲታይ መልካም ነው። ማንም ሰው ዳኛ ክሱን ሳያይለት ከ48 ሰዓት በላይ እንዳይታሰር፥ በዐቃቤ ሕግ ፈቃድም ሌላ 48 ሰዓት ብቻ እንዲጨመር ተወስኗል። ነገር ግን ከኢትዮጵያ ጭነት ሊያነሣ ወደ ወደቡ የወረደ ሹፌር ማታ ቢያዝ፥ የጭነቱ ባለቤት በማግሥቱ ወደ ጣቢያ ሲሄድ የሚያሳስበው የሕጉ አንቀጽ ሳይሆን ሹፌሩ የተያዘበት ሰዓት በመዝገብ መግባቱ ነው። መዝገቡን የሚጽፈው ያሰረው ክፍል ራሱ ከሆነ፥ ሰዓቱ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቈጠር የሚያውቀውም እርሱ ብቻ ነው።

ለአንድ ሹፌር እንዲህ የሆነው ነገር ለብዙ ሰው ሕይወት ሲሆን ምን እንደሚያስከትል በዲሴምበር 21 ቀን 2015 ታየ። በዚያን ቀን በባልባላ ሰፈር፥ ቡልዱቆ በተባለው ቦታ፥ ለሃይማኖት ሥነ ሥርዐት በተሰበሰበው ሕዝብና በጸጥታ ኀይሎች መካከል ግጭት ተነሥቶ ጥይት ተተኰሰ። ከፖሊሶችም ወገን የቈሰሉ ነበሩ። መንግሥት የሞቱት 7 ናቸው አለ፤ ተቃዋሚዎችና የሰብአዊ መብት ተከራካሪዎች ግን ቍጥሩ ከዚህ እጥፍ በላይ ነው አሉ። የሟቾችን ስም ዝርዝር ካወጡት ተከራካሪዎች አንዱ ታሰረ። ከሁለቱ ወገን ያልሆነ ሦስተኛ መርማሪ ተነሥቶ ቍጥሩን ለሕዝብ አረጋግጦ የነገረበት ጊዜ አልታየም።

ስለ ፖሊስ ተጠያቂነት በውጭ አገር ክርክር ሲነሣ፥ እንቅፋቱ የፖሊሶች ማኅበር ነው ይባላል። ይህ ያለ ምክንያት የተባለ አይደለም። ጅቡቲ ሥርዐቷን በወረሰችባት በፈረንሳይ አገር የ1948 ሕግ ፖሊሶች ሥራ እንዳያቆሙ ከለከለ፤ ማኅበር ማቋቋምን ግን አልከለከለም። የማኅበሮቹም ጉልበት ከባድ ነው። በማርች 1958 የፓሪስ ፖሊሶች ወደ ምክር ቤቱ በር ወጥተው ቢጮኹ፥ የከተማው የፖሊስ ሹም ተነሥቶ ሞሪስ ፓፖን ተተካ። በጁን 2020ም የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ካስታኔር ተያዥን አንገቱን አንቆ መያዝ ይቀራል ብለው ቢያውጁ፥ ፖሊሶች የእጅ ካቴናቸውን በአደባባይ መሬት ላይ እየጣሉ ተቃወሙ፤ ውሳኔው በጥቂት ቀን ውስጥ ላላ፤ ሚኒስትሩም በሚቀጥለው ወር በሌላ ተተኩ።

ይህን የሰማ አስተዳዳሪ፥ እንግዲያስ የፖሊስ ማኅበር የማይሰማበት አገር ዕድለኛ ነው ይል ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። በጅቡቲ በፖሊሶች ስም ከሚኒስትር ጋር የሚከራከር ማኅበር አይሰማም፤ ቢሆንም በዲሴምበር 7 ቀን 2000 የፖሊስ አዛዡ ጄኔራል ያሲን ያቤህ ጋላብ ከሥልጣናቸው ቢሻሩ፥ በዚያው ዕለት ፖሊሶች መሣሪያ ይዘው ወጡ። የመንግሥት ግልበጣው ሙከራ በሰዓቶች ውስጥ ከሸፈ፤ ጄኔራሉም ተይዘው ከሌሎች መኰንኖች ጋር ተከሰሱ። ፓሪስ ላይ በማኅበር ስም፥ በወረቀትና በጩኸት የመጣው ግፊት እዚህ በአንድ አለቃ ታማኞች በኩል በጠመንጃ መጣ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ለመናገር ሱቁን በዚያ ቀን የዘጋውን ነጋዴ መጠየቅ ይበቃል።

እንግዲህ ሁለት ጉዳዮች ተለይተው ሊታዩ ይገባል። ተራው ፖሊስ ስለ ደመወዙ፥ ስለ መኖሪያ ቤቱና ስለ ሥራ ሰዓቱ የሚናገርበት ሕጋዊ መንገድ ቢያገኝ በማንም ላይ ጉዳት አያመጣም፤ አቤቱታውን በአለቃው ትከሻ ላይ ከመጫን ያድነዋል እንጂ። በ1948 የወጣው 87ኛው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነትም የፖሊስን ማኅበር ጉዳይ በ9ኛው አንቀጽ ለየአገሩ ሕግ ትቶታል፤ ስለዚህ መፍቀድም ሆነ መከልከል የጅቡቲ ፈንታ ነው። ፖሊስ በተኰሰው ጥይት ላይ ራሱ መርማሪ መሆኑ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይህን ማኅበርም ሆነ ጄኔራል ሊከራከርበት አይገባም። ሁለቱን ጉዳይ የሚያቀላቅል ሰው ፖሊሱንም ሕዝቡንም ይበድላል።

በ2008 የተቋቋመው ብሔራዊ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን አቤቱታ ይቀበላል፤ ለመንግሥትም አስተያየቱን ያቀርባል። አስተያየት ግን ትእዛዝ አይደለም፤ የጣቢያ መዝገብ አምጡ ለማለት፥ የተኰሰውን ፖሊስ ጠርቶ ለመጠየቅ፥ የሬሳ ምርመራ ወረቀት ለማየት ሥልጣኑ በሕግ ተዘርዝሮ ካልተጻፈ ኮሚሽኑ የሚያገኘው ፖሊስ ሊሰጠው የወደደውን ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ሕግ ለማመንጨት በ1992ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት ፕሬዚዳንቱም የብሔራዊው ምክር ቤት አባሎችም ሥልጣን አላቸው።